የቤት ድምፅ መሣሪያ ገመድ፦ ውፍረቱ፣ ርዝመቱና የሚገባው ገንዘብ

ዐቢይ ጾም ሊገባ ሁለት ሳምንት ያህል ሲቀረው ደብረ ብርሃን የሚኖሩት አጎቴ ስልክ ደውለው አንድ ነገር አማከሩኝ። ከጡረታቸው ቆጥበው፣ በጾሙ ወራት በገና በደንብ የሚያዳምጡበት አንድ አምፕሊፋየርና ሁለት ስፒከር ለመግዛት ተነሥተው ነበር። ዕቃውን ያሳያቸው ነጋዴ ግን የመሣሪያውን ዋጋ ከነገራቸው በኋላ «ጥሩ ገመድ ካልተገዛለት ይህ ሁሉ ገንዘብ ባክኖ ይቀራል» ብሎ ለገመድ ብቻ የጠቅላላውን ሂሳብ ሲሶ የሚያህል ጨመረባቸው። «ለመሆኑ ልጄ፣ ገመድ ድምፅ ይለውጣል?» ሲሉ ጠየቁኝ። በስልክ የሰጠኋቸው መልስ እኔንም ስላላረካኝ፣ ቅዳሜ ዕለት ሲባጎና ካቻቢቴ ይዤ ቤታቸው ሄድኩ። ከዚህ በታች ያለው የዚያን ቀን የሠራነውና ከዚያ በፊት የየዘመዱን ቤት ገመድ ስዘረጋ የተማርኩት ነው።

ገመድ ድምፅ ሊያበላሽ ይችላል፤ ሊያሳምር ግን አይችልም። ከአምፕሊፋየሩ የወጣውን ሳይቀንስና ባዕድ ነገር ሳይጨምር ስፒከሩ ዘንድ ካደረሰ ሥራውን ፈጽሟል፣ ከዚያ ወዲያ የሚከፈለው ገንዘብ የሚገዛው አዲስ ድምፅ የለም። ስለዚህ አንድ ገዢ ሱቅ ከመሄዱ በፊት ማወቅ ያለበት በእርሱ ቤት ርቀትና በእርሱ ስፒከር ላይ ድምፅ የማያበላሽ ገመድ የትኛው እንደሆነና በስንት እንደሚገኝ ነው። ይህን ለማወቅ ደግሞ ትንሽ ሒሳብና አንድ ሲባጎ ይበቃል።

ከስፒከር ገመድ እንጀምር፤ ውፍረት በእርግጥ ለውጥ የሚያመጣው እዚህ ነውና። ከቦኖ ውኃ በጎማ ወደ ግቢው የሳበ ሰው ጎማው በቀጠነና በረዘመ ቁጥር ጫፉ ላይ የሚደርሰው ውኃ እንደሚደክም ያውቃል። ሽቦም እንዲሁ ነው። ጀርመናዊው ጌዎርግ ኦም በ1827 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሥራ በአንድ ሽቦ ውስጥ የሚያልፈው የኤሌክትሪክ ጅረት ከቮልቴጁና ከሽቦው ተቃውሞ (ሽቦው ጅረቱን ከሚገታበት መጠን) ጋር ያለውን ግንኙነት አስቀመጠ፤ ተቃውሞ የሚለካበትም መለኪያ በስሙ ኦም ተባለ። ሽቦው ሲረዝም ተቃውሞው በዚያው ልክ ይጨምራል፣ ሲወፍር ደግሞ በዚያው ልክ ይቀንሳል። በሱቅ ውስጥ «አንድ ነጥብ አምስት» ወይም «ሁለት ነጥብ አምስት» ተብሎ የሚጠራው ቁጥር የዚህ ውፍረት መለኪያ ነው፤ ሽቦው ተቆርጦ ፊቱ ሲታይ መዳቡ ስንት ካሬ ሚሊ ሜትር እንደሚሸፍን ይናገራል። አንድ ካሬ ሚሊ ሜትር የሆነ የአንድ ሜትር መዳብ ወደ 0.017 ኦም የሚጠጋ ተቃውሞ አለው። ጅረቱ በአንዱ ሽቦ ሄዶ በሌላው ስለሚመለስ ርዝመቱ በሁለት ይባዛል። እንግዲህ ስሌቱ ይህ ብቻ ነው፤ የገመዱን ርዝመት በሁለት አባዝቶ፣ በ0.017 አባዝቶ፣ በውፍረቱ ቁጥር ማካፈል።

የተገኘው ቁጥር ብቻውን ብዙ አይናገርም፣ ከስፒከሩ ቁጥር ጋር ሲነጻጸር ግን ትርጉም ያገኛል። ከስፒከሩ ጀርባ 4፣ 6 ወይም 8 ኦም የሚል ጽሑፍ አለ። በሙያው ላይ ያሉ ሰዎች በስፋት የሚሠሩበት ደንብ የገመዱ ተቃውሞ ከስፒከሩ ቁጥር ከመቶ አምስት እንዳይበልጥ የሚል ነው። ለ8 ኦም ስፒከር 0.4፣ ለ6 ኦም 0.3፣ ለ4 ኦም 0.2 ኦም ማለት ነው። ከዚህ እንደሚታየው ባለ 4 ኦም ስፒከር የገዛ ሰው ባለ 8 ኦም ከገዛው ይልቅ ለውፍረት መጨነቅ አለበት።

አጎቴ ሳሎን ውስጥ ሲባጎውን ዘረጋን። አምፕሊፋየሩ ከሚቀመጥበት ቁም ሣጥን እስከ ግራው ስፒከር በግድግዳው ሥር 3 ሜትር ሆነ። ወደ ቀኙ ስንሄድ ግን መካከል ላይ የመኝታ ቤት በር አለ፤ ገመዱ በደፉ ላይ እንዳይረገጥ በበሩ ማዕዘን ወጥቶ፣ ዞሮ፣ መውረድ ነበረበትና 7 ሜትር ወሰደ። በዓይን ገምተው ነጋዴው ዘንድ ሲሄዱ የተናገሩት ርዝመት «አራት አራት ሜትር» የሚል ነበር። ይህ ስሕተት በየቤቱ ያጋጥመኛል፤ ሰው የሚገምተው ወፍ የሚበርበትን መንገድ ነው፣ ገመድ የሚሄደው ግን አይጥ በምትሄድበት ነው። የለኩትም ላይ መሣሪያውን ወደፊት ስቦ ለማጽዳት የሚሆን ለእያንዳንዱ ጫፍ ግማሽ ሜትር ያህል ትርፍ መያዝ ያስፈልጋል።

የእርሳቸው ስፒከር ባለ 6 ኦም ነው። በ7 ሜትር ርቀት 0.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የሆነው ቀጭን ገመድ፣ ማለትም ከብዙ ሆም ቲያትሮች ጋር በካርቶን ውስጥ የሚመጣው ዓይነት፣ 0.48 ኦም ያህል ይሆናል፤ ከመቶ ስምንት ነውና ደንቡን ያልፋል። 0.75 ሲሆን 0.32፣ ገና ከድንበሩ ትንሽ ይበልጣል። 1.5 ሲሆን 0.16፣ ከመቶ ሦስት አይሞላም። 2.5 ሲሆን ደግሞ ወደ 0.1 ይወርዳል። በቀጭኑ ገመድ ወደ ስፒከሩ ሊደርስ ከሚገባው ኃይል ከመቶ 14 ያህሉ ይጎድላል፣ በ1.5 ከመቶ አምስት፣ በ2.5 ከመቶ ሦስት ያህል። ከ0.5 ወደ 1.5 መውጣት ትርጉም ያለው እርምጃ ነው። ከ1.5 ወደ 2.5 የሚገኘው ጥቅም ግን በጣም ጥቂት ነው፤ ከ2.5 ወደ ላይ፣ በአንድ ሳሎን ርቀት፣ ገንዘብን መበተን ይሆናል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በጥንቃቄ መነገር አለበት። ከመቶ 14 የኃይል ጉድለት ብቻውን ቢሆን ማንም አይሰማውም ነበር፤ ለጆሮ ከአንድ ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) በታች ነውና የአምፕሊፋየሩን ቁልፍ ጥቂት በማዞር ይካካሳል። ጉዳቱ ሌላ ነው። ስፒከር ላይ የተጻፈው 6 ኦም አማካይ ስም ነው እንጂ በሁሉም የድምፅ ቁመት ላይ እኩል አይደለም። በአንዱ ድምፅ ወደ 4 ሊወርድ፣ በወፍራሙ የቤዝ ድምፅ አካባቢ ደግሞ ወደ 30 ሊወጣ ይችላል። ቀጭን ገመድ ስፒከሩ 4 ኦም በሆነበት ድምፅ ላይ ብዙ ይቀንሳል፣ 30 በሆነበት ላይ ግን ምንም ያህል አይቀንስም። በመሆኑም የድምፁን ጉልበት ብቻ ሳይሆን ሚዛኑንም ያዛባል። በገና ለሚያዳምጥ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ የበገና ወዝ ያለው አሥሩ አውታሮች በእንዝራው ላይ ሲነኩ በሚፈጥሩት ንዝረትና ከሥሩ ባለው ወፍራም ድምፅ መካከል ባለው ሚዛን ነውና። ልዩነቱ ትንሽ መሆኑን አልክድም። ግን አለ፣ ይለካል፣ ጥቂት ብርም ጨምሮ ማስቀረት ይቻላል።

ውፍረቱ ከታወቀ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ ሽቦው በእርግጥ መዳብ ነው ወይ የሚለው ነው። በእኔ ግምት ዛሬ አገራችን ውስጥ የስፒከር ገመድ የሚገዛ ሰው ከሁሉ በላይ ሊጠነቀቅበት የሚገባው ይህ ነው። ውስጡ አሉሚኒየም ሆኖ ከላይ በስስ መዳብ የተለበጠ ሽቦ በየሱቁ አለ። ጥቅል ላይ ሲታይ ከመዳብ አይለይም፣ ዋጋው ግን ይቀንሳል፤ ተቃውሞውም ከእኩያው መዳብ አንድ ተኩል እጥፍ ያህል ይበልጣል። «1.5» ተብሎ የተሸጠው በሥራው አንድ ካሬ ሚሊ ሜትር እንደሆነ መዳብ ይቆጠራል ማለት ነው። በዚህ ላይ ሲታጠፍና ሲዘረጋ ቶሎ ይሰበራል፤ በብሎን ሲጠበቅም ቀስ በቀስ እየተጨፈለቀ ይላላል። አስቀድሞ ታውቆና ተገቢው ዋጋ ተከፍሎበት ውፍረቱ ከተጨመረ ይሠራል፤ በደሉ በመዳብ ስምና በመዳብ ዋጋ ሲሸጥ ነው።

ለመለየት ቢላዋ ይበቃል። ከሦስት ዓመት በፊት ለአንዲት የአክስቴ ልጅ 20 ሜትር ገመድ ገዝቼ፣ ቤት ገብቼ አንዷን ክር በቢላዋ ጫፍ ጥቂት ስፍቃት ከቀይ ልብሷ ሥር እንደ ቆርቆሮ የነጣ ብረት ብቅ አለ። መዳብ ቢሆን ኖሮ እስኪቆረጥ ድረስ ብትፍቀው ቀይ ነው። ከዚያን ጊዜ ወዲህ ሱቅ ውስጥ ሆኜ፣ ባለሱቁን አስፈቅጄ ጫፏን ሳልፍቅ አልገዛም፤ የሚታመን ነጋዴም አይከፋውም። ሚዛን ያለበት ሱቅ ከሆነ ሁለተኛ መንገድ አለ። ባለ ሁለት መስመር የሆነ የ1.5 ገመድ 10 ሜትሩ ውስጥ ያለው መዳብ ብቻ 270 ግራም ገደማ ይመዝናል፣ የተለበጠው አሉሚኒየም ግን ወደ 100 ግራም ብቻ ነው። የላስቲኩ ልባስ ክብደት ቢጨመርበትም ልዩነቱ በእጅ ይታወቃል።

መዳብ ከሆነ ደግሞ በመዳብ መካከል ያለው ማዕረግ ብዙም አያሳስብ። «ኦክስጅን የሌለው» ተብሎ በትልቁ የሚጻፍበት መዳብ ኤሌክትሪክ በማስተላለፍ ረገድ ለቤት መስመር ከሚውለው የተጣራ መዳብ የሚበልጠው ከመቶ አንድ እንኳ በማይሞላ ነው። ብር ከመዳብ በስድስት ከመቶ ገደማ ይሻላል፤ ያንኑ ጥቅም ሽቦውን በጥቂቱ በማወፈር በርካሽ ማግኘት ይቻላል። ወርቅ ከመዳብ ያነሰ አስተላላፊ ነው፤ ጫፍ ላይ የሚለበጠው ስለማይዝግ ብቻ ነው። ይህ ጥቅም ግን እውነተኛ ነው። ጉምና ጭጋግ በማይለየው በጣርማ በር አካባቢም ሆነ በሌላ እርጥበት በሚበዛበት ቦታ ራቁቱን የተተወ የመዳብ ጫፍ በጊዜ ብዛት ይጠቁራል፤ ስለዚህ ጫፉ በወርቅ ለተለበጠ ጃክ ጥቂት መጨመር አይከፋም።

ብዙ ሰው ሲሰማው የሚገረመው አንድ ነገር አለ፤ ኤሌክትሪሺያኖች የቤት መስመር የሚዘረጉበት 1.5 ወይም 2.5 የመዳብ ሽቦ ለስፒከር ያለ አንዳች ጉድለት ይሠራል። መዳቡ ወደ ሶኬት እንደሚሄድ ወይም ወደ በገና መዝሙር እንደሚሄድ አያውቅም። ችግሩ ባለ አንድ ዘንግ የሆነው ግትር መሆኑ፣ በግድግዳ ማዕዘን ላይ እንደ ልብ አለመታጠፉና ስፒከሩ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ብሎኑን መጎተቱ ነው። ባለ ብዙ ቀጫጭን ክር የሆነው ተጣጣፊ ገመድ ለእጅ ስለሚመች እርሱን እመርጣለሁ። አጎቴም የገዙት ይህንኑ ነው፤ ባለ ሁለት መስመር፣ 1.5፣ ንጹሕ መዳብ፣ 12 ሜትር። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለኝ። ማንም ሰው በምንም ምክንያት በስፒከር ገመድ ጫፍ ላይ የግድግዳ ሶኬት የሚገባ መሰኪያ አያድርግ። አንድ ልጅ ተሳስቶ 220 ቮልት ላይ ቢሰካው የሚጠፋው ስፒከሩ ብቻ ላይሆን ይችላል።

«ግራው 3 ሜትር፣ ቀኙ 7 ሜትር ከሆነ ድምፁ እኩል አይደርስም፤ ሁለቱም 7 ሜትር ይሁኑ» የሚል ምክር ለአጎቴ ተሰጥቷቸው ነበር። ይህ 4 ሜትር ያለ ጥቅም የሚያስገዛ ምክር ነው። ምልክቱ በገመድ ውስጥ የሚጓዘው በሰከንድ ወደ 200,000 ኪሎ ሜትር በሚጠጋ ፍጥነት ነው። ከደብረ ብርሃን እስከ አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር የሚሆን ገመድ ቢዘረጋ እንኳ ጉዞው ከአንድ ሺሕኛ ሰከንድ ያነሰ ጊዜ ይወስዳል። በዚያችው ቅጽበት ድምፅ በአየር ውስጥ የሚሄደው 22 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። እንግዲህ አንድ ስፒከር በአዲስ አበባ ርቀት ባለ ገመድ፣ ሌላው በአጭር ገመድ ቢገናኝ የሚፈጠረው የጊዜ ልዩነት አንዱን ስፒከር ወደ ኋላ አንድ ስንዝር ገፋ ከማድረግ አይበልጥም። የ4 ሜትር ልዩነት ጭራሹን አይቆጠርም። ሁለቱም ደንቡን እስካላለፉ ድረስ ርዝመታቸው ይለያይ።

በገመድ ልባስ ላይ ስለሚታተም ቀስትም በአጭሩ ልናገር። የሙዚቃ ምልክት በሰከንድ ውስጥ ብዙ ጊዜ ወዲያና ወዲህ የሚመላለስ ስለሆነ መዳብ «ወደዚህ በደንብ፣ ወደዚያ በደካማው» የሚያስተላልፍበት ምክንያት የለም። መከለያቸው በአንድ ጫፍ ብቻ በተያያዘ አንዳንድ የምልክት ገመዶች ላይ ቀስት ሥራ አለው፤ በስፒከር ገመድ ላይ ግን ጌጥ ነው።

ከስልክ፣ ከቴሌቪዥን ወይም ከሲዲ ማጫወቻ ወደ አምፕሊፋየር የሚገባው ቀይና ነጭ ጫፍ ያለው የአርሲኤ ገመድ ጠባዩ ሌላ ነው። በእርሱ ውስጥ የሚያልፈው ምልክት በጣም ደካማ ስለሆነ ውፍረት አያስጨንቅም፤ የሚያስፈልገው ከውጭ የሚመጣ ረብሻ እንዳይገባበት ዙሪያውን የሚሸፍን የሽቦ መከለያ ነው። አምፕሊፋየሩ የገባውን ሁሉ ስለሚያጎላ፣ መከለያው ሳሳ ያለ ገመድ ከኮረንቲ መስመር ጎን ለጎን ከተዘረጋ ያ የሚታወቀው የእምምታ ድምፅ ይሰማል። እዚህ ላይ ገንዘብ የሚወጣው ለመከለያውና ለጠበቀ ጃክ ነው። ጃኩ ሲሰካ የሚጨብጥ፣ ሲወዛወዝ የማይንኮሻኮሽ መሆን አለበት፤ ገመዱም ከሚያስፈልገው በላይ ባይረዝም ይሻላል። በአንድ መደርደሪያ ላይ ለተቀመጡ ዕቃዎች አንድ ሜትር ይበቃል። ሸክላ የሚያጫውት ሰው ካለ ለእርሱ ብቻ ጥንቃቄው ይጨምራል፤ የሸክላ መርፌ የሚያወጣው ምልክት ከሌላው ሁሉ የደከመ ከመሆኑም በላይ ለገመዱ ኤሌክትሪክ የመያዝ አቅም ስሱ ስለሆነ፣ ከማጫወቻው ጋር የመጣውን ገመድ በረጅም አለመተካት ይመረጣል።

በዲጂታል ገመዶች ላይ ግን ሂሳቡ ይቀልላል። ኤችዲኤምአይም ሆነ በብርሃን የሚሠራው ኦፕቲካል ገመድ የሚያጓጉዘው ቁጥር ነው፤ ቁጥሩ ሳይጎድል ከደረሰ ደረሰ ነው። ሲበላሽ ድምፁ «ለስለስ» ወይም «ሻከር» አይልም፣ ይቆራረጣል ወይም ጭራሹን ይጠፋል። ስለዚህ በአጭር ርቀት የሚሠራ ርካሽ ኤችዲኤምአይ ከውዱ ጋር አንድ ዓይነት ድምፅ ይሰጣል። ቴሌቪዥንን በኤችዲኤምአይ ከአምፕሊፋየር ወይም ከሳውንድባር ለማገናኘት በቴሌቪዥኑ ጀርባ ኤአርሲ የሚል ምልክት ያለበትን ቀዳዳ መጠቀም ያስፈልጋል፤ ሌላው የኤችዲኤምአይ ቀዳዳ ድምፅ መልሶ አያወጣም። ኦፕቲካሉ ውስጡ የላስቲክ ክር ስለሆነ በኃይል ከታጠፈ ይጎዳል። አዲስ ሲገዛም ጫፎቹ ላይ ጥርት ያለች ትንሽ ቆብ አለች። ደብረ ሲና አንድ ወዳጄ ቤት ገመዱ «ሞቷል» ተብሎ ሊጣል ሲል ያገኘሁት ቆቧ ሳትወልቅ ስለተሰካ ብቻ ነበር።

ይህ የብርሃን ገመድ አንድ ትልቅ ጥቅም አለው፣ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። ቴሌቪዥኑ በዲሹ ገመድ በኩል፣ አምፕሊፋየሩ ደግሞ በሶኬቱ በኩል በሁለት የተለያየ መንገድ ከመሬት ጋር ሲገናኙ፣ በመካከላቸው ባለው የአርሲኤ ገመድ ላይ የኮረንቲው የ50 ኸርዝ እምምታ ይዞራል። ሰው ይህን ሲሰማ ውድ ገመድ ሊገዛ ይሮጣል፤ ውድ ገመድ ግን አያድነውም። መጀመሪያ የዲሹን ገመድ ከሪሲቨሩ ይንቀሉት። እምምታው ከጠፋ ምክንያቱ ታወቀ ማለት ነው፤ በኦፕቲካል መለወጥ ወይም ዕቃዎቹን ሁሉ ከአንድ ማከፋፈያ ማስነሣት ብዙውን ጊዜ ይፈታዋል። አንዳንዶች እንደሚያደርጉት የሶኬቱን የኧርዝ መስመር መቁረጥ ግን ፈጽሞ አይገባም። እርሱ የተሠራው ለሰው ሕይወት ነው።

ስለ ኮረንቲ ገመድ ከተነሣ፣ የአምፕሊፋየሩን የኃይል ገመድ በውድ መለወጥ ድምፅ ላይ ለውጥ ያመጣል የሚል ማስረጃ አላገኘሁም። ኮረንቲው ከማመንጫው ጀምሮ በመቶዎች በሚቆጠር ኪሎ ሜትር ሽቦ መጥቶ፣ የመጨረሻዋ አንድ ሜትር ተኩል ታሻሽለዋለች ብሎ ማመን ይከብዳል። ገንዘብ የሚያስፈልገው ለጠንካራ ማከፋፈያና፣ ቮልቴጅ በሚዋዥቅበት ሰፈር፣ ለስታቢላይዘር ነው። ኮረንቲ ጠፍቶ ሲመለስ በሚመጣው ግፊት የተቃጠለ ዕቃ በየቤቱ አለ። በደብረ ብርሃን ብርድ ደግሞ ሰዎች የክፍል ማሞቂያን ከቴሌቪዥኑና ከአምፕሊፋየሩ ጋር በአንድ ማከፋፈያ ሲሰኩ አያለሁ። የቤት አምፕሊፋየር በተለመደው አጠቃቀም ከጥቂት መቶ ዋት አያልፍም፣ ማሞቂያ ግን ብቻውን እስከ 2,000 ዋት ይወስዳል። ማሞቂያና ምጣድ የራሳቸው መስመር ሊኖራቸው ይገባል። በክረምት መብረቅ ሲበዛ የዲሹንም የኮረንቲውንም ገመድ መንቀል ከማንኛውም መከላከያ ይበልጣል፤ ይህም ምንም አያስከፍልም።

እንግዲህ ስንት ይመደብ? ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋ ብዙ ስለተለዋወጠ፣ የሜትሩን ዋጋ እዚህ ብጽፍ አንባቢን ማሳሳት ይሆንብኛል። በድርሻ ማሰብ ይሻላል። እኔ ለዘመድ የምመክረው ከጠቅላላው ገንዘብ ከመቶ አምስት፣ ርቀቱ ረጅም ከሆነ ቢበዛ ከመቶ ስምንት ለገመድ ሁሉ እንዲመደብ ነው። ለምሳሌ 40,000 ብር ለያዘ ሰው 2,000 ብር ያህል ይሆናል፣ ቢረዝም 3,200። ከቀረው ትልቁ ድርሻ ወደ ስፒከሩ ይሂድ። በሁለት ስፒከሮች መካከል ያለውን ልዩነት ማንም ሰው ገና ሲከፈቱ ይለየዋል፤ ንጹሕ መዳብ በሆኑና ውፍረታቸው በሚበቃ በሁለት ገመዶች መካከል ያለውን ግን አይለይም። ነጋዴው በጨመረባቸው ሲሶ ገንዘብ አጎቴ አንድ ደረጃ ከፍ ያለ ስፒከር ማግኘት ይችሉ ነበር፤ ያገኙትም በዚሁ መንገድ ነው።

የሚጠራጠር ሰው በራሱ ጆሮ ይፈትን። ሁለቱን ገመዶች ያዘጋጅ፣ ፊቱን ወደ ስፒከሮቹ አድርጎ ይቀመጥ፤ ልጁ ወይም ጎረቤቱ ከመጋረጃ ጀርባ ሆኖ ሳንቲም እየወረወረ በወጣው መሠረት ይቀያይርለት። ቁልፉ ሳይነካ፣ አንዱን መዝሙር አሥር ጊዜ ሰምቶ በየጊዜው የትኛው እንደሆነ ይጻፍ። አምስት ስድስት ያህል ቢያገኝ ገምቷል ማለት ነው፤ ዘጠኝ ወይም አሥር ቢያገኝ በዕድል የሚሆነው ከመቶ አንድ ጊዜ ገደማ ነውና በእርግጥ ሰምቷል። ዋጋውን አውቆ፣ ገመዱን እያየ የሚሰማ ጆሮ ግን ምስክር አይሆንም፤ ይህ የማንም ድክመት አይደለም፣ የሰው አእምሮ የሚሠራው እንዲያ ነው።

የቀረው አገጣጠሙ ነው። ከጫፉ ላይ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ልባሱን መግፈፍ፣ ክሮቹን በጣት አጥብቆ መግመድ፣ ከዚያ ማስገባት። አንዲት ክር ብትቀርና ከአጠገቡ ያለውን ብረት ብትነካ አምፕሊፋየሩ ይጠፋል፤ መጠበቂያ ከሌለው ይቃጠላል። የዚያን ቅዳሜ እኔው ራሴ የገመድኩት ጫፍ ላይ እንደ ጸጉር የቀጠነች አንዲት ክር ተነጥላ ከቀይ ወደ ጥቁር ጠጋ ብላ አገኘኋት። አጎቴ ናቸው በመነጽራቸው አይተው ያሳዩኝ። አውጥተን እንደገና ገመድናትና ከሥሩ በናስትሮ ጠቀለልናት።

ቀይ ከቀይ፣ ጥቁር ከጥቁር መሄዱም ይረጋገጥ። አንዱ ስፒከር ተገልብጦ ከተያያዘ አንዱ አየር ሲገፋ ሌላው ይስባል፤ ቤዙ ይጠፋል፣ የዘማሪውም ድምፅ ከመካከል መምጣቱ ቀርቶ የት እንዳለ አይታወቅም። የገመዱ ቀለም ካላስታወቀ፣ ከአምፕሊፋየሩ በኩል ያለውን ጫፍ ነቅሎ የ1.5 ቮልት ባትሪ ለቅጽበት ማስነካት ነው፤ የባትሪው አዎንታዊ ጫፍ ወደ ቀዩ በሚሄደው ሽቦ ላይ ሲሆን የስፒከሩ ወረቀት ወደ ውጭ ብቅ ይላል። የሁለቱንም አየን፤ ሁለቱም ብቅ አሉ።

ገመዱን ግን በምንጣፍ ሥር አላሳለፍነውም። በዚያ በኩል ረከቦቱ የሚዘረጋበት ቦታ አለ፤ ከከሰሉ ላይ አንዲት ፍም ብትወድቅ ልባሱን አቅልጣ ሁለቱን ሽቦ ታገናኛለች። ከግድግዳው ሥር፣ ከወለሉ አንድ ስንዝር ከፍ አድርገን በትንንሽ መያዣ ሚስማር ቸነከርነው፣ የተረፈውንም አንድ ሜትር ጠቅልለን ከቁም ሣጥኑ ጀርባ አኖርነው።